ሃኮኔ ወይስ ኪኖሳኪ? የጃፓን ባህላዊ ማደሪያዎችና ፍል ውኃዎቻቸው

ሪዮካን በሚባለው የጃፓን ባህላዊ ማደሪያ ለማረፍ ያሰበ ሰው ብዙውን ጊዜ ለቶኪዮ የሚቀርበውን ሃኮኔን ይመርጣል፤ በቶኪዮ ካለው ከሺንጁኩ ጣቢያ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ይወስዳልና። ኪኖሳኪ በአንጻሩ ከኪዮቶ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሚያስኬድ፣ ለጃፓን ባሕር የቀረበ ትንሽ ከተማ ነው።

ዋናው ልዩነት ፍል ውኃው ያለበት ስፍራ ነው። በሃኮኔ ደኅና በሚባሉት ማደሪያዎች ገንዳውም የአትክልት ስፍራውም በአንድ ግቢ ውስጥ ስለሚገኙ፣ እንግዳው ከታታሚው ምንጣፍ ተነሥቶ ጥቂት እንደተራመደ፣ በድንጋይ በተከበበ ውኃ ውስጥ እስከ አንገቱ ተነክሮ ዛፎቹን ይመለከታል፤ ዋጋው ከፍ ሲል ደግሞ ለክፍሉ ብቻ የተሠራ ገንዳ ያገኛል። በኪኖሳኪ ግን ማደሪያዎቹ የየራሳቸው መታጠቢያ ቢኖራቸውም፣ ከተማዋን ያስጠሯት 7ቱ የሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች ናቸው፤ እንግዳው ዩካታ የተባለውን ስስ ልብስ ለብሶ፣ የእንጨት ጫማውን ቋ ቋ እያደረገ፣ አኻያ በተተከለበት ወንዝ ዳር ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘዋወራል።

በሁለቱም ስፍራ ወደ ገንዳው የሚገባው በሳሙና ታጥቦ፣ ያለ መዋኛ ልብስ ነው። ንቅሳት በብዙ የጃፓን መታጠቢያዎች ስለሚከለከል፣ አንገቷን ለተነቀሰች የአገራችን ሴት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ የኪኖሳኪ የሕዝብ መታጠቢያዎች ግን ንቅሳት ያለውን ሰው ያስገባሉ።

ጸጥታና ገለል ማለት ለሚሻ ሃኮኔ ይሻላል። እኔ ግን ኪኖሳኪን አስቀድማለሁ፤ በተለይ ከኅዳር ጀምሮ የጃፓንን የብርድ ወራት ሙሉ በሚቀርበው የሸርጣን እራት ምክንያት፣ ምንም እንኳ ዋጋው በዚያው ወቅት ቢያሻቅብም።