4,213 የሲጋራ ቁራጭ የተሰቀለበት ቤት፦ የኢስታንቡሉ የየዋህነት ሙዚየም

ኢስታንቡል ሄዳችሁ ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ ወደ ቹኩርጁማ ውረዱ። ከኢስቲክላል ጎዳና ቁልቁል በእግር የሚደረስ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች የሞሉበት ሰፈር ነው። እዚያ ጠበብ ያለ፣ ጠቆር ያለ ቀይ ቀለም የተቀባ ቤት ታገኛላችሁ። የየዋህነት ሙዚየም ይባላል። መሥራቹ በ2006 ኖቤል የተሸለመው ቱርካዊ ደራሲ ኦርሃን ፓሙክ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ2008 በዚሁ ስም ልብ ወለድ አወጣ። በ2012 ደግሞ በልብ ወለዱ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች ሰብስቦ ሙዚየም ከፈተላቸው። ልብ ወለዱ 83 ምዕራፍ አለው፣ ለእያንዳንዱም አንድ የመስታወት ሳጥን ተመድቦለታል።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ። ከማል የ30 ዓመት የሀብታም ልጅ ነው። በ1975 ለእጮኛው ለሲቤል ቦርሳ ሊገዛ አንድ ሱቅ ይገባል። ሻጯ የሩቅ ዘመዱ ፉሱን ናት፣ ገና 18 ዓመቷ። ቦርሳው የፈረንጅ ስም ያለው ነው፣ ግን ፎርጅድ ነው። ሲቤል ገና ስታየው አወቀችው። ከማል ሊመልሰው ሄደ፣ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ተነሳ። ያን ቦርሳ ሳስበው ይገርመኛል። አውሮፓን ለመምሰል የሚሟሟተው የዚያን ዘመን የኢስታንቡል ሀብታም ሁሉ አንድ ቦርሳ ውስጥ ገብቶላችኋል፣ ፓሙክ ደግሞ ቁጭ ብሎ አላብራራውም። ሰው ገዛ፣ ሰው መለሰ፣ በቃ።

በኋላ ፉሱን ሌላ ሰው ታገባለች። ከማል ግን ወደ ስምንት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ እራት እየበላ፣ ቴሌቪዥን እያየ፣ ከወላጆቿ ጋር ወደምትኖርበት ቤት ይመላለሳል። ሲወጣም የሆነ ነገር ኪሱ ውስጥ ይከታል። ጨው መነስነሻ፣ ማንኪያ፣ የሻይ ብርጭቆ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚቀመጠውን የሸክላ ውሻ።

ሙዚየሙ ውስጥ ገብታችሁ ቀና ስትሉ የምታዩት ግድግዳ ነው የሚያስደነግጠው። ፉሱን አጭሳ የጣለቻቸው 4,213 የሲጋራ ቁራጮች በመርፌ ተሰክተው ከመስታወት ጀርባ ተደርድረዋል። ከሩቅ አንዳች የሞቱ ነፍሳት ይመስላሉ። ቀረብ ስትሉ አንዱ ጫፉ ሊፒስቲክ ነክቶታል፣ አንዱ ገና ግማሹ ሳይጨስ በንዴት ተደፍጥጧል፣ አንዱ እንደ ክርን ታጥፏል። ከእያንዳንዱ ሥር በእጅ የተጻፈች ትንሽ ማስታወሻ አለች። ልብ ወለዱ ውስጥ ከማል ሲጋራው እንዴት እንደተረገጠ አይቶ የዚያን ምሽት ስሜቷን ያነባል። መጽሐፉን ሳነብ ይሄ ሰውዬ አበዛው ብዬ ነበር። ግድግዳው ፊት ስቆም ግን ዝም አልኩ፣ ምክንያቱም ቁጥር ብቻ የነበረው ነገር እዚያ ምሽት ምሽቱን ሆኖ ታየኝ።

ብዙ ልብ ወለድ ላይ ምልክት የሚሆን ዕቃ ከሩቁ ይጮሃል። የተሰበረ መስታወት፣ የጠወለገ ጽጌረዳ፣ ደራሲው ክርኑን እየጎሸመን "አያችሁ አይደል?" የሚለን ዓይነት። ጨው መነስነሻው እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ ጨው ይነሰነስበታል። ደግሞ ይነሰነስበታል። የሆነ ምዕራፍ ላይ ጠረጴዛው ላይ ሲጠፋ ነው ክብደቱ የሚሰማችሁ። እኔ ልብ ወለድ ላይ ዕቃ ትርጉም የሚያገኘው በአገልግሎት ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ፖም የሚመስል ቢጫ ፍሬ አለ፣ ቱርኮች ማርማላታ የሚሠሩበት። ከማል የዚያን ፍሬ መፈቅፈቂያ ይዞ ሲመለስ፣ ከ1980ው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ በነበረው የሰዓት እላፊ ወታደሮች ያስቆሙታል። የወጥ ቤት ዕቃ ነው። ወታደር እጅ ውስጥ ሲገባ ግን ሹል ብረት ይሆናል። ሰዓት እላፊ ያየ ሰው ይሄን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም፣ እኛ አገር ያደገ ደግሞ በደንብ ይገባዋል።

እናቴ በርበሬዋን የምታስቀምጠው ክዳኑ የተጣመመ የኒዶ ጣሳ ውስጥ ነበር። ከሳጥኖቹ አንዱ ፊት ቆሜ እሱ ትዝ አለኝ። ማን እንደወሰደው አላውቅም፣ ጠይቄም አላውቅም ነበር። እዚያው ቆሜ ለእህቴ ደወልኩ።

ያልወደድኩትም አለ፣ እሱም ልብ ወለዱ ራሱ ላይ ያለ ነገር ነው። ቤቱ ሙሉ የፉሱን ዕቃ ነው፣ ግን የመረጠው ከማል ነው። ጉትቻዋ፣ ቀሚሷ፣ የነካችው ብርጭቆ፣ ሁሉም ስለ እሱ ናፍቆት ነው የሚያወራው። እሷ የፊልም ተዋናይ መሆን ትፈልግ ነበር። የእሷ ምኞት የታለ? ሙዚየሙን ዞሬ ስጨርስ ያዘንኩት ለእሷ ነው። አንዳንድ አንባቢ የከማልን ነገር እንደ ታላቅ ፍቅር ብቻ ያየዋል። እኔ አይዋጥልኝም፣ ሰው ስትወድ እሷን ትጠይቃለህ እንጂ ማንኪያዋን አትሰርቅም።

እንግዲህ ልትሄዱ ካሰባችሁ፦ ሰኞ ዝግ ነው። ክፍሎቹ ትናንሽ ናቸው፣ ደረጃ መውጣት አለ፣ ስለዚህ ሰው ሳይበዛ በጠዋት ሂዱ። ጣሪያው ሥር ያለችው ክፍል ውስጥ የከማል አልጋና የፓሙክ የእጅ ጽሑፎች አሉ፣ እዚያ ሳትደርሱ እንዳትመለሱ። በ2014 የአውሮፓ የዓመቱ ምርጥ ሙዚየም ተብሎ ተሸልሟል፣ ለእኔ ይገባዋል። መጽሐፉን ሳያነቡ መግባት ግን አልመክርም፤ ሳጥኖቹ ያምራሉ፣ ቢሆንም የማታውቁት ሰው ቤት ለቅሶ እንደመድረስ ነው የሚሆንባችሁ። ጥራዙ ወፍራም ነው፣ መሃል ላይም ይጎተታል፣ ታገሱት። ያ መጎተት ራሱ ስምንት ዓመቱ ነው።

መጽሐፉንም ይዛችሁ ሂዱ። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ የታተመ ትኬት አለ። በር ላይ ስታሳዩ ማህተም ይመቱበትና በነፃ ትገባላችሁ። የእኔ ላይ ማህተሙ ትንሽ ተዛብቶ ነው ያረፈው፣ ቀለሙም ወደ ሚቀጥለው ገጽ አልፏል። ከዚያ ወዲህ ያንን መጽሐፍ ለማንም አላውስም።