የድሮ ኪቦርድ፦ የፋብሪካው ስታይል ወይስ የራስ?

የድሮ ኪቦርድ ይዛችሁ ባሕር ዳር ሰርግ የምትጫወቱ ልጆች፣ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

የፋብሪካው ስታይል፣ ማለትም ኪቦርዱ ውስጥ ተሠርቶ የሚመጣው የከበሮና የቤዝ አጃቢ፣ ፈጣን ነው። ትከፍታላችሁ፣ ትጫወታላችሁ። ለሬጌና ለዝግታ ዘፈን ይበቃል። ችግሩ ችክችካ ላይ ነው፤ 6/8 የሚል ስታይል ብታገኙም ብዙውን ጊዜ የለስላሳ ዘፈን ምት ስለሆነ፣ ቴምፖውን ብትጨምሩት እንኳ የእስክስታ ትከሻ አያነሳም።

የራስ ስታይል ጊዜ ይበላል። እኔ አንዱን ለመጨረስ ሦስት ማታ ፈጅቶብኛል፣ ግን ምርጫዬ እሱ ነው። ብዙ የያማሃ ኪቦርዶች ስታይል የሚቀርጹት በሲ ሜጀር ሰባት ኮርድ ላይ ነው። ስለዚህ ቤዙን በሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ እና ኤ ብቻ ብትቀርጹት ኮርድ ስትቀይሩ ብዙም አይጋጭባችሁም፤ ደስ የሚለው ደግሞ እነዚህ አምስቱ የትዝታ ሜጀር ቅኝት ኖታዎች መሆናቸው ነው! መጀመሪያ ከበሮውን፣ ቀጥሎ ቤዙን። ሌላ አታብዙ፣ የድሮ ኪቦርድ ድምፅ ሲበዛበት ይቆርጣል። አንቺሆዬ ቅኝት ላይ ኮርዱን አጥፉና ከበሮውን ብቻ ተዉት።

ስትጨርሱ ፍሎፒ ላይ ብቻ አታስቀሩት። እርጥበት ሻጋታ ያመጣበታል፣ ቤታችሁ ጣና ዳር ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ሁለት ቦታ ገልብጡት።