እናቴን ላከሙልኝ የጳውሎስ ሆስፒታል የጉበት ክሊኒክ ባለሙያዎች

የእማዬ የመጨረሻ ውጤት መጣ። ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ ከደሟ ጠፍቷል። ተመስገን! ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ደግሞም «ሲሮሲስ አለብሽ፣ ፕሌትሌትሽ ወርዷል፣ ምንም ማድረግ አይቻልም» ተብለው ቤታቸው የተቀመጡ እንዳሉ ስለማውቅ ነው። ሲሮሲስ ማለት ጉበት ጠባሳ ይዞ ሲጠነክር ነው፤ ፕሌትሌት ደግሞ ደም ሲፈስ እንዲቆም የሚረዳው የደም ክፍል ነው።

እዚህ እስክንደርስ ያየነውን ፈጣሪ ያውቃል። ስም አልጠራም። አንዱ ጋ ሐኪሙ ፕሌትሌቷ 52 ሺህ መሆኑን አየና፣ ቀና ብሎ እንኳን ሳያያት «በዚህ ደም መድኃኒት አይጀመርም» ብሎ ካርዱን ዘጋ። ሌላው ጋ የደም ካንሰር ሊሆን ይችላል ብለው አስደነገጡን። ምርመራ በምርመራ ላይ አዘዙ፣ ገንዘባችን አለቀ፣ መልስ ግን የለም። ከሁሉ ያመመኝ ጥርሷን ልትታከም የሄደችበት ነው። ሰው በሞላበት «ሄፓታይተስ ያለባት የቷ ናት?» ብለው ጮክ ብለው ጠየቁ። እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ሲኒዋን ለየች። ቡና እያፈላች ስታጠጣን የኖረች ሴት ጀበና አልነካም አለች። እናቱን እንዲህ ያየ ሰው ይረዳኛል።

በመጨረሻ ሪፈር ተጽፎልን ጳውሎስ ሄድን። ወረፋው ረጅም ነው፣ አልዋሽም። ዶክተሯ ወጣት ናቸው። የወረቀቱን ክምር ወደ ጎን አደረጉና ወንበራቸውን ወደ እማዬ አስጠጉ። «እማማ፣ ደም ተሰጥቶዎት ያውቃል?» አሏት። እማዬ ታላቅ ወንድሜን በ1975 ዓ.ም. ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷት፣ ደም ተሰጥቷት ነው የተረፈችው። ይህን ነገረቻቸው። ዶክተሯ እጇን ያዙና «እማማ፣ ይህ ቫይረስ ራሱ የታወቀው በ1981 ነው። ያኔ ማንም ሊመረምረው አይችልም ነበር። ከዚያ ሊሆን ይችላል፣ ከመርፌም ሊሆን ይችላል። እርስዎ ያጠፉት ነገር የለም። በሲኒም፣ በምግብም፣ ልጆችዎን በመሳምም አይተላለፍም» አሏት። እማዬ እዚያው አለቀሰች። ዶክተሯ አላጣደፏትም። ውጭ ያ ሁሉ ሰው እየጠበቀ እስክትረጋጋ ድረስ እጇን ይዘው ቆዩ። ማታ ቤት ስንገባ ሲኒዋን አጥባ ከእኛ ሲኒዎች ጋር ደረደረችው።

ስለ ፕሌትሌቱ ያስረዱን ነገር ብዙ ነው፣ ሁሉንም አልያዝኩትም። የገባኝ ይህ ነው፦ ጉበት ሲጠነክር ጣፊያ ያብጥና ፕሌትሌቱን ይዞ ያስቀራል። ድሮ በመርፌ ይሰጥ የነበረው ሕክምና ደግሞ ፕሌትሌትን የባሰ ያወርድ ስለነበር እንደ እማዬ ያሉት ይመለሱ ነበር። አሁን ያለው ክኒን ነው። ሶፎስቡቪርና ቬልፓታስቪር በአንድ ላይ፣ በቀን አንድ፣ ለእሷ ለ12 ሳምንት። አስቀድመው በካሜራ ጉሮሮዋን አዩ፣ የሚያሰጉ የደም ሥሮች ተገኝተው ታሰሩላት።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ አምጡ አሉን። በፌስታል ይዘን ሄድን። ዶክተሯ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው አንድ በአንድ አገላብጠው አዩት። የጨጓራውን ኦሜፕራዞል ለይተው አስቀመጡ፣ አዲሱን መድኃኒት ሰውነቷ በደንብ እንዳይቀበለው ያደርጋል አሉ። ለጉልበቷ የምትውጠውን ዲክሎፌናክ ሲያዩማ ደነገጡ። እንደ እሷ ላለ ሰው ደም ሊያፈስ፣ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። ያ ሁሉ ቦታ ስንዞር ፌስታሏን የከፈተ ሰው አልነበረም! አንድም!

ደም የምትቀዳው ሲስተርም ትመስገን። ሌላ ቦታ ጥጥ አስይዘው ይሸኟት ስለነበር ክንዷ ይበልዝ ነበር። ይቺ ልጅ ግን ራሷ ተጭና ይዛ፣ ስለ ልጅ ልጆቿ እየጠየቀቻት፣ ደሙ እስኪቆም ትጠብቃለች። እጅሽ ይባረክ እህቴ።

ክኒኑን ከጨረሰች ከ12 ሳምንት በኋላ ነው ይህ የመጨረሻ ምርመራ የተደረገው። ፕሌትሌቷም ትንሽ ከፍ ብሏል። ጠባሳው ስላለ ክትትሉ አይቀርም፣ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ትነሳለች። «ድኛለሁ ብለው እንዳይቀሩ» ብለው ዶክተሯ ደጋግመው አስጠንቅቀዋታል፣ እኔም አላስቀራትም።

እባካችሁ፣ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ቤታችሁ ካለ አትቀመጡ። ፕሌትሌት ወርዷል ተብሎ ተስፋ አይቆረጥም። ሪፈር አጽፉና ጳውሎስ የጉበት ክሊኒክ ሂዱ። በጠዋት ድረሱ። የድሮ ውጤት፣ አልትራሳውንድ፣ የምትወስዱትን ክኒን፣ የባህል መድኃኒትም ካለ ሁሉንም ሳትደብቁ ይዛችሁ ሂዱ።