ለዩኒቨርሲቲ ልጅ ገንዘብ፦ በየወሩ ወይስ ለሴሚስተሩ በአንዴ?

መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ብዙውን ጊዜ ዶርምና ካፌ አለው፤ ወጪ መጋራቱንም (ከትምህርት ወጪው የሚደርሰውን ድርሻ) በአብዛኛው የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው። ለቤተሰብ የሚቀረው ፎቶ ኮፒ፣ ሳሙና፣ የስልክ ጥቅል፣ ለሴቶች ሞዴስ፣ የመንገድ ብርና ካፌው ሲሰለች የምትበላ ሽሮ ናት።

በየወሩ ሲላክ፦ ልጁ ቢያባክን እንኳ የሚቸገረው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ዋጋ ሲንርም መጠኑን ማስተካከል ይቻላል። ደካማው ጎኑ ላኪው ነው። ደመወዝ ዘግይቶ ብሩ ሲቆይ ልጁ ከዶርም ጓደኞቹ ይበደራል፤ የሚቀጥለው ወር ብር ደግሞ ገና ሲገባ ለዕዳ ያልቃል። ስለዚህ ቀኑ ይቆረጥ፣ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም አይዛነፍ።

በአንዴ ሲሰጥ፦ ለላኪ ቀላል ነው፤ እህል ሸጦ ብር የሚያገኝ ገበሬ በየወሩ ከየት ያመጣል? አደጋው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ናቸው፦ አዲስ ስልክ፣ ግብዣ፣ «በሳምንት እመልሳለሁ» የሚል ጓደኛ። የመመለሻው ትራንስፖርት ከሁሉ በፊት ተቆርጦ እናት ጋ ይቀመጥ። ከቀሪው ሲሶው በእጁ፣ ሌላው እሱ በማያንቀሳቅሰው የባንክ ደብተር ይሁን። በሶና ዳቦ ቆሎ ከተቋጠረለት ብሩ ይበረክታል።

ለአንደኛ ዓመት ተማሪና ለደመወዝተኛ ቤተሰብ ወርሃዊው ይሻላል። በጀት ለለመደ ሦስተኛ ዓመት ወይም ገቢው በመኸር ለሆነ ቤት በአንዴው ይስማማል። ኖን ካፌ ለሆነ፣ ማለትም ከዩኒቨርሲቲው ካፌ ለማይበላ ልጅ ግን በአንዴ አይመከርም፤ ብሩ ካለቀ የሚያልቀው ምሳውና እራቱ ነው።