ሪፖርቱ በጀት ከጸደቀ በኋላ ሲደርስ፦ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ኢንስፔክሽን ከወላጅ ወገን ሲታይ

በአንድ የገጠር ወረዳ በሚገኝ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባል ሆኜ ስለማገለግል፣ የትምህርት ቤት ኢንስፔክሽንን ከተገምጋሚው ወገን ሆኜ ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ኢንስፔክሽን ለወላጅ የሚሰጥ አገልግሎት መሆኑን የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ግን ልጁን በየማለዳው ወደ ትምህርት ቤት የሚልክ ሁሉ የዚህ አገልግሎት ተጠቃሚ ነው ብዬ ስለማምን፣ እንደ ተጠቃሚ ያየሁትን እጽፋለሁ።

መመዘኛው ራሱ በሚገባ የታሰበበት ነው። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ሲሠራበት የቆየው የኢንስፔክሽን ማዕቀፍ አንድን ትምህርት ቤት በ26 ስታንዳርዶች ይመዝናል፤ ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 በመቶ ይሰጣል። ድምሩ ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ትምህርት ቤቱ ደረጃ 1፣ ከ70 በታች ከሆነ ደረጃ 2፣ ከ90 በታች ከሆነ ደረጃ 3 ይባላል፤ 90ና ከዚያ በላይ ያገኘው ደረጃ 4 ይሆናል። ትልቁ ክብደት ለውጤት መሰጠቱን ከልብ እደግፋለሁ፤ አጥሩ የታጠረ፣ ግድግዳው የተቀባ ትምህርት ቤት በውበቱ ብቻ እንዳያልፍ ያደርጋልና።

ወደ እኛ የመጡት ሁለት ኢንስፔክተሮች ሦስት ቀን ሙሉ ቆይተዋል፤ ወሩ ጥር ነበር። ሰነድ አገላበጡ፣ ተማሪዎችንና ወላጆችን ለየብቻ አነጋገሩ፣ የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት በር መቀርቀሪያ እንደሌለው ሳይቀር መዘገቡ። ከሁሉ በላይ በአእምሮዬ የቀረው ግን የሁለተኛ ክፍሉ ምልከታ ነው። ኢንስፔክተሯ ከኋላ ዴስክ ላይ ከልጆቹ መካከል ተቀምጠው ክፍለ ጊዜውን ከተከታተሉ በኋላ የአንዲት ልጅ ደብተር ተቀብለው አገላበጡ። ከሰሌዳ የተገለበጠው ጽሑፍ ንጹሕና ያማረ ነበር። ከዚያም መጽሐፏን ገልጣ አንድ መስመር እንድታነብላቸው ጠየቋት። ልጅቱ ሳትደናቀፍ አነበበች፤ ጣቷ ግን ሌላ መስመር ላይ ነበር። ሌላ ገጽ ገልጠው ደግመው ሲጠይቋት አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ሰነዱን ብቻ ያየ ሰው ይህንን ሊያውቅ አይችልም፤ የመምህርቷ የትምህርት ዕቅድ የተሟላ፣ በርዕሰ መምህሩም የተፈረመበት ነበርና። ለዚህ ዓይነቱ ትጋት ታላቅ አክብሮት አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የተሰጠን የቃል ግብረ መልስም ግልጽና ከቁጣ የራቀ ነበር። ከዋና ዋናዎቹ ምክሮች አንዱ ሁለተኛ ክፍል በጣም ስለተጣበበ ለሁለት ይከፈል የሚል ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የጽሑፍ ሪፖርቱ የደረሰን በነሐሴ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የወረዳው በጀት ጸድቆ፣ የመምህራን ምደባውም በአብዛኛው አልቆ ነበር። ክፍሉን ለመክፈል አንድ ተጨማሪ መምህር እንደሚያስፈልግ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስናመለክት፣ ጥያቄያችሁ ተገቢ ቢሆንም ጊዜው አልፏል ተባልን። ጥር ላይ የታየ ችግር ሰባት ወር ሙሉ በየጠረጴዛው ቆይቶ፣ መፍትሔ ሊያገኝ በማይችልበት ወቅት መድረሱ አሁንም ያሳዝነኛል።

ሌላው ቅሬታዬ የጉድኝት ማዕከሉን፣ ማለትም በአቅራቢያችን ያሉ ትምህርት ቤቶች በአንድነት የሚደገፉበትን ማዕከል፣ ሱፐርቫይዘር ይመለከታል። ትምህርት ቤቶቹን በየተራ በእግራቸው እየዞሩ የሚደግፉ ታታሪ ሰው ስለሆኑ ጥፋቱን በእሳቸው ላይ አላደርግም። ነገር ግን በመስከረም መጥተው ዕቅድና ቃለ ጉባኤ ሲጠይቁን፣ የኢንስፔክሽኑን ሪፖርት ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ከእኛ እጅ ነው። መዛኙና ደጋፊው በአንድ ጽሕፈት ቤት ሥር እየሠሩ አንድ ወረቀት አለመጋራታቸውን የማየው እንደ ከባድ የአስተዳደር ጉድለት ነው።

በራሱ በማዕቀፉ ቋንቋ ልመዝን ብል፣ ለጉብኝቱ ያለማመንታት ደረጃ 3 እሰጣለሁ፤ ከጉብኝቱ በኋላ ላለው ክትትል ግን ከደረጃ 1 በላይ መስጠት አልችልም። መቀርቀሪያውን ወላጆች በሳምንቱ አስገጥመናል። ሁለተኛ ክፍል ግን ዛሬም አልተከፈለም።

ኢንስፔክተሮችን ለምትጠብቁ የኅብረት አባላት ከደረሰብን የተማርነውን ላካፍል። የቃል ግብረ መልሱ ሲሰጥ ቃለ ጉባኤ አስይዙ፤ ኢንስፔክተሮቹም ይፈርሙበት። ገንዘብና የሰው ኃይል የሚጠይቁትን ምክሮች ለይታችሁ በደብዳቤ ለወረዳው አቅርቡ፤ ግልባጩን ለሱፐርቫይዘሩ ስጡ። የጽሑፍ ሪፖርቱን አትጠብቁ፤ ደብዳቤያችሁ የወረዳው ምክር ቤት በጀቱን ከማጽደቁ በፊት፣ ቢቻል በሚያዝያ፣ መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይያዝ።