የሜይል ሰርቨር ሎግ የት ይቀመጥ? አራት ምርጫዎች ጎን ለጎን

አዳማ ላይ የሆቴል፣ የክሊኒክ ወይም የትራንስፖርት ድርጅት ሜይል ሰርቨር የያዘ ባለሙያ ሎግ (ሰርቨሩ የሠራውን በየሰዓቱ የሚጽፍበት መዝገብ) የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ለአንድ ጥያቄ ነው፦ «ጠዋት 3 ሰዓት የላክሁት ኢሜይል አልደረሰም ይላሉ፤ የት ገባ?» ጠያቂው 3 ሰዓት ያለው ሎጉ ላይ 09:00 ነው፤ ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) የሚቆጥር ከሆነ ደግሞ 06:00። ስለዚህ ምርጫው የቱም ይሁን፣ የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ላይ ማድረግና ሰዓቱን ከኢንተርኔት የሚያስተካክለውን ክሮኒን ማስነሳት ይቀድማል።

መጠኑን እንገምት። አንድ መልእክት ፖስትፊክስ በሚባለው የሜይል ሰርቨር ፕሮግራም በኩል ሲያልፍ ከ5 እስከ 10 መስመር ይጽፋል። መስመሩን 200 ባይት ብንይዘው ለአንድ መልእክት ቢበዛ 2 ኪሎባይት ነው። በቀን 5,000 መልእክት 10 ሜጋባይት፣ በዓመት 3.65 ጊጋባይት ይሆናል። የይለፍ ቃል የሚሞክሩ ቦቶች እጥፍ ቢያደርጉት እንኳ 8 ጊጋባይት አይሞላም፤ ያውም ሳይጨመቅ። ሻጩ ስለ ትልልቅ ሰርቨሮች ማውራት ሲጀምር ይህን ቁጥር ያሳዩት።

ሰርቨሩ ራሱ ላይ። ወጪ የለውም፤ ወጥመድ ግን አለው። ዴቢያን 12 (የሊኑክስ ዓይነት) ሎግ ወደ ፋይል የሚጽፈውንና ወደ ሌላ ማሽን የሚልከውን አርሲስሎግን አብሮ ስለማይጭን የለመድነው የሜይል ሎግ ፋይል አይገኝም፤ ሁሉም ሲስተሙ ራሱ በያዘው የሎግ ሰብሳቢ፣ በጆርናልዲ ውስጥ ነው። በቫር ሎግ ሥር ጆርናል የሚባል ማህደር ከሌለ ደግሞ ጆርናልዲ የሚጽፈው ራም ላይ ነው፣ ማሽኑ ሲነሳ ይጠፋል። በነባሪው የዲስኩን 10 በመቶ፣ ቢበዛ 4 ጊጋባይት ይይዝና ከዚያ በላይ ሲሆን አሮጌውን ሳይጠይቅ ይሰርዛል። አንድ ሰርቪስ በ30 ሰከንድ ከገደቡ በላይ ከጻፈም (መነሻው 10,000 መስመር ነው፣ ነፃ የዲስክ ቦታ ሲበዛ ከፍ ይላል) ትርፉን ይጥላል። የስፓም ጎርፍ ሲመጣ፣ ሎጉ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ማለት ነው፣ የሚጎድለው በዚህ ነው። ዲስኩ ከተቃጠለ ወይም ሰርቨሩ ከተጠለፈ ማስረጃውም አብሮ ይሄዳል።

ሁለተኛ ትንሽ ማሽን ከአርሲስሎግ ጋር። ለአብዛኛው የአዳማ ቢሮ የምንመርጠው ይህን ነው። 4 ጊጋባይት ራምና 128 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያለው ያገለገለ ሚኒ ፒሲ ይበቃል። ከወለል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና ማራገቢያውን በየጊዜው ማጽዳት አይርሱ፤ የከተማዋ ነፋስና አቧራ ለማሽን አያዝንም።

ዋናው ጉዳይ መላኪያው ነው። ብዙ ሰው መድረሱን በማያረጋግጠው የመላኪያ መንገድ፣ በዩዲፒ ፖርት 514 አገናኝቶ ይተወዋል። ስዊቹ ለ10 ደቂቃ ከጠፋ የ10 ደቂቃው ሎግ የለም፣ ስህተት የሚል መልእክትም አይወጣም። ግንኙነቱን የሚከታተለው ቲሲፒ ይሻላል፤ እሱም ግን ግንኙነቱ በተቆረጠባት ቅጽበት በመንገድ ላይ የነበሩ ጥቂት መስመሮችን ሊያጣ ይችላል። ሬልፕ የሚባለው ፕሮቶኮል እያንዳንዱ መስመር መድረሱን ተቀባዩ እንዲያረጋግጥ ስለሚያደርግ እሱን ይጠቀሙ። ከዚያ ላኪው ላይ ያልተላኩ መስመሮች የሚጠብቁበትን ወረፋ ዓይነት ሊንክድሊስት ያድርጉት፣ የፋይል ስም ይስጡት፣ የዲስክ ጣሪያውን 1 ጊጋባይት ያድርጉ፣ የድጋሚ ሙከራ ቁጥሩን ከ0 ወደ -1 ይቀይሩ። 0 እንደሆነ ከቀረ ተቀባዩ ሲጠፋ መስመሮቹ ይጣላሉ። -1 «እስኪሳካ ሞክር» ማለት ነው። ሲዘጋ ወረፋውን ወደ ዲስክ የሚያወርደው ምርጫ የሚሠራው ማሽኑ በሥርዓት ሲዘጋ ብቻ ነው፤ መብራት ድንገት ከሄደ ራም ላይ የነበረው ይቀራል። ስለዚህ ዩፒኤሱ (መብራት ሲሄድ የሚያቆየው ባትሪ) የዩኤስቢ ገመድ ያለውና ኑት በሚባለው የዩፒኤስ መከታተያ ፕሮግራም ሰርቨሩን ራሱ የሚያስዘጋ ይሁን። ገመድ የሌለው ዩፒኤስ ዕድሜ ያራዝማል እንጂ ለሰርቨሩ የሚነግረው ነገር የለም።

አንድ የተደበቀ ችግር፦ ዴቢያን 12 ላይ የፖስትፊክስ ብዙ ክፍሎች መልእክት በሚያቆይበት በስፑል ማህደሩ ውስጥ ታጥረው፣ ከዚያ ውጭ ያለውን ፋይል ሳያዩ ይሠራሉ። በዚያ ማህደር ውስጥ የሎግ ሶኬት (መስመር የሚቀበል በር) ካልተከፈተ፣ የሎግ ግንኙነቱ አንዴ ሲቋረጥ የእነዚህ ክፍሎች መስመር ሊጠፋ ይችላል። ኢሜይል እየሄደ ሎጉ ዝም ካለ መጀመሪያ እዚህ ይፈልጉ።

የአርሲስሎግ አማራጭ የሆነው ሲስሎግ ኤንጂ ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ የዲስክ ወረፋም አለው። የኮንፊግ አጻጻፉ ንጹህ ነው፤ የሚያውቀው ሰው ካለዎት ይውሰዱት፣ ከሌለዎት ለእሱ ብለው አይቀይሩ።

ግሬይሎግ። ሎግ ሰብስቦ በብራውዘር የሚያሳይ ፕሮግራም ነው፤ ውብ የፍለጋ ገጽ አለው፤ ኮማንድ የማይወድ ሥራ አስኪያጅም የላኪውን አድራሻ ጽፎ ያገኛል። ግን ብቻውን አይቆምም፤ ዳታቤዙን ሞንጎዲቢንና ሎጉን አከማችቶ የሚፈልገውን ኦፕንሰርችን ይፈልጋል። 8 ጊጋባይት ራም ጠባብ ነው፣ 16 ይሻላል። ዲስኩ 95 በመቶ ሲሞላ ኦፕንሰርች መጻፍ ያቆማል፤ ገጹ ግን ይከፈታልና ሎግ መግባቱ መቆሙን ቶሎ ላያዩት ይችላሉ። አንድ ሜይል ሰርቨር ብቻ ላለው ድርጅት ሸክም ነው። አምስት ስድስት ሰርቨር፣ ፋየርዎልና ካሜራ አንድ ላይ ለሚያይ ክፍል ግን ዋጋውን ያወጣል።

የክላውድ ኪራይ። ማሽን መግዛት የለም፤ ክፍያው ግን በጊጋባይት፣ በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ኢንተርኔት ሲቋረጥም የራስዎን ሎግ ማየት አይችሉም። የሜይል ሎግ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ስለሚይዝ የግል መረጃ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ከአገር ሲወጣ መሟላት ያለባቸውን ነገሮች ከመፈረምዎ በፊት ለሕግ ባለሙያ ያሳዩ።

የቱንም ቢመርጡ ክፍያውን ከመጨረስዎ በፊት ሻጩ ፊት ይሞክሩት። ወደ ሎግ መስመር የሚጽፈውን የሎገር ኮማንድ በሉፕ (በሚደጋገም ትእዛዝ) አስገብተው ከ1 እስከ 1,000 ቁጥር፣ በየሰከንዱ አንድ፣ ወደ ሜይል ሎግ ይላኩ፤ 300 አካባቢ ሲደርስ የኔትወርክ ገመዱን ይንቀሉ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይመልሱና ተቀባዩ ላይ ይቁጠሩ። 1,000 ካልሞላ ሥራው አላለቀም።