በማይል ቢዝነስ ክላስ እገባለሁ ብላችሁ ውድ የኢኮኖሚ ትኬት እንዳትገዙ

ለዓመታት ያጠራቀማችሁትን ማይል (አየር መንገድ ለደንበኞቹ የሚሰጠውን ነጥብ) «ለዚህ ቀን ነው» ብላችሁ በረጅም በረራ ላይ ከኢኮኖሚ ወደ ቢዝነስ ለመሻገር ያሰባችሁ፣ ትኬቱን ከመቁረጣችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ ነገሩ የገባኝ ከቆረጥኩ በኋላ ነው፤ ትምህርቱም በነጻ አልነበረም።

በአንድ ትኬት ላይ ሁለት በረራ ነበረኝ። መጀመሪያ 1 ሰዓት ተኩል የምትፈጅ አጭር በረራ፣ ቀጥሎ 13 ሰዓት የሚወስድ የሌሊት በረራ። ወገቤ እንደ ድሮው ስላልሆነ ሌሊቱን ጋደም ብዬ ለማለፍ ቋመጥኩ። ወደ አየር መንገዱ የጥሪ ማዕከል ደወልኩ። ያነጋገረችኝ ሠራተኛ ትሁት ነበረች፤ እሷን አልወቅስም። ያየሁት ርካሽ ትኬት «አፕግሬድ አይፈቅድም»፣ ማለትም ወደ ላይኛው ክፍል መሻገር አይቻልበትም፣ ከሱ ከፍ ያለው ታሪፍ ግን «አፕግሬድ ይፈቅዳል» አለችኝ። ልዩነቱ የርካሹን ትኬት ግማሽ ያህላል። ትንሽ አመነታሁና ከፈልኩ። 40,000 ማይል ከሂሳቤ ላይ ተያዘ፤ ስሜም ተጠባባቂዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ።

«ይፈቅዳል» ስትለኝ እኔ የሰማሁት «ይሰጥዎታል» የሚለውን ነው። ጉዱ ሁሉ ያለው እዚህች ቃል ላይ ነው።

የጉዞው ዕለት አፕግሬዱ ጸደቀ፤ ለ1 ሰዓት ተኩሏ በረራ! ሰፊው ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰጡኝን ጭማቂ ሳልጨርስ አረፍን። ለ13 ሰዓቱ ግን መሳፈሪያ በሩ ላይ ስሜ ይጠራል ብዬ እስከ መጨረሻው ቆሜ ጠበቅኩ። አልተጠራም። ወደ ኋላ ወዳለው ወንበሬ ሳልፍ ቢዝነስ ውስጥ አራት ባዶ ወንበር ቆጥሬያለሁ። ይህ ሳያንስ ቼክ ኢን ላይ ከፊቴ ተሰልፋ የነበረች መንገደኛ፣ ያውም በርካሹ ትኬት፣ እዚያው በካርዷ ከፍላ ገብታለች። ዋጋውን ሲነግሯት ሰምቻለሁ፤ እኔ ለዚያች «ይፈቅዳል» ከጨመርኩት ብዙም አይበልጥም።

ማይሉ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰልኝ። የታሪፉ ልዩነት ግን ቀለጠ። ስጠይቃቸው የጻፉልኝ መልስ አጭር ነው፦ «የገዙት ታሪፍ አፕግሬድ ለመጠየቅ ያስችላል፤ እርስዎም ጠይቀዋል።»

ባዶ ወንበር እያለ እንዴት ይከለከላል? እኔም ያንገበገበኝ ይኸው ነበር፤ ኋላ ሳጣራ ግን ምሥጢሩ ቀላል ሆኖ አገኘሁት። አየር መንገድ ኢኮኖሚን እንደ አንድ ዕቃ አይሸጥም። እዚያው ክፍል ውስጥ በፊደል የተለያዩ ብዙ ታሪፎች አሉ፤ በአብዛኛው ዋይ እና ቢ የሚባሉት ሙሉ ዋጋ የሚከፈልባቸው ናቸው፣ ከነሱ በታች ያሉት እየረከሱ ይሄዳሉ። ቢዝነስም የራሱ ፊደሎች አሉት። በአፕግሬድ የሚለቀቀው ወንበር ደግሞ ከነዚህ ሁሉ የተለየ የራሱ ትንሽ ቋት አለው። ለምሳሌ ዩናይትድ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ይህን ቋት ፒ ዜድ በሚሉ ሁለት ፊደሎች ይለየዋል። በገንዘብ የሚሸጥ ብዙ የቢዝነስ ወንበር እያለ የአፕግሬዱ ቋት ዜሮ ሊሆን ይችላል። አየር መንገዱ ከእናንተ ማይል ይልቅ በመጨረሻው ቀን ሙሉ ዋጋ ከፍሎ የሚመጣ ነጋዴን መጠበቅ ይመርጣል፤ ነጋዴው ባይመጣ እንኳን ወንበሩ ባዶውን ይበራል። ስለዚህ የወንበር ካርታ እያያችሁ ተስፋ አታድርጉ። እኔ ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ካርታውን እየከፈትኩ ባዶዎቹን ስቆጥር ነበር፣ እንደ ሞኝ።

ቋቱ ቢከፈትም ወረፋው ቀድሞ የመጣ ቀድሞ የሚገባበት አይደለም። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው የአባልነት ደረጃ ነው፣ ቀጥሎ የታሪፉ ፊደል፤ የጠየቃችሁበት ቀን የሚቆጠረው በነዚህ እኩል ከሆነ ሰው ጋር ስትነጻጸሩ ነው። ከሦስት ወር በፊት ተመዝግባችሁ ከሦስት ሰዓት በፊት የተመዘገበ የወርቅ ካርድ ባለቤት ሊቀድማችሁ ይችላል። ከሁሉም በፊት ደግሞ ገንዘብ አለ። ከበረራው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ «ለቢዝነስ ክላስ ይጫረቱ» የሚል ኢሜይል ብዙ ጊዜ ለመንገደኞች ይላካል፤ ከዚያ የተረፈው በቼክ ኢን ይቸረቸራል። በማይል የምትጠብቁትን ወንበር ከጎናችሁ ላለው ሰው እያጫረቱት ነው ማለት ነው። ጨረታው ራሱ ወጥመድ አያጣውም፤ ከተቀበሏችሁ ገንዘቡ ከካርዳችሁ ወዲያው ይቆረጣል፣ በአብዛኛው አይመለስም፣ የምትጽፉት ቁጥርም ለጠቅላላ ጉዞው ሳይሆን ለአንድ ሰው ለአንድ በረራ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ያስቀመጥኳቸው ናቸው። ርካሹ ትኬት 800 ዶላር፣ አፕግሬድ የሚፈቅደው 1,250፣ ከማይሉ ጋር የሚጠየቅ ተጨማሪ ክፍያ 300 ይሁን። የቢዝነሱ ትኬት በቅናሽ 2,300 ወጥቷል እንበል። አፕግሬዱ ቢሳካላችሁ በጥሬው 1,550 ከፍላችኋል፤ 40,000 ማይላችሁ ያተረፈላችሁ 750 ዶላር ነው፣ አንዱ ማይል 2 ሳንቲም እንኳን አልሞላም። ብዙ ሰው ግን «በ40,000 ማይልና በ300 ዶላር ቢዝነስ ገባሁ» ብሎ ነው የሚያወራው፤ የታሪፉን 450 ዶላር ማንም አይቆጥራትም። ካልተሳካ ደግሞ 450ው ሄዷል፣ በእጃችሁ ያለው የኢኮኖሚ ወንበር ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው አይደል?

በአንዳንድ አገሮች ግብሩም ይጨምራል። ከብሪታኒያ ስትነሱ የሚከፈለው የመንገደኛ ግብር በኢኮኖሚና ከዚያ በላይ ባሉ ክፍሎች ይለያያል፤ በማይል ስትሻገሩ ልዩነቱን ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ።

«ድሮ እንዲህ አልነበረም» የሚሉ አሉ፣ እውነታቸውን ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1981 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የማይል ፕሮግራሙን ሲጀምር ማይል ስሙ እንደሚለው የተበረረ ርቀት ነበር። በ2015 ሌሎቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች ዴልታና ዩናይትድ የሚሰጡትን ማይል በርቀት ሳይሆን በተከፈለው ገንዘብ አደረጉት፣ አሜሪካን ኤርላይንስም በ2016 ተከተላቸው። ለየትኛው መስመር ስንት ማይል እንደሚያስፈልግ የሚያሳየውን ቋሚ ሠንጠረዥም ዴልታ በ2015፣ ዩናይትድ በ2019 አነሱት። ጓደኛችሁ አምና በዚህን ያህል ማይል ገባሁ ካላችሁ የነገራችሁ የአምናን ዋጋ ነው።

እከሳለሁ ለምትሉ፣ መንገዱ ጠባብ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ በ1988 ደንቡን ለውጦ ቀድሞ የተጠራቀመውን ማይል ጭምር ሲነካ አባላቱ ከሰሱ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1995 የውል ጥሰት ክሱን ቢፈቅድም በሸማች መከላከያ ሕግ መክሰስን ዘጋው። ኖርዝዌስት የተባለው አየር መንገድ ደግሞ «ቅሬታ አበዛ» ብሎ ከፕሮግራሙ ያስወጣው አንድ አባል አየር መንገዱ ቅን ልቦና አላሳየም ብሎ ቢከስ፣ ያው ፍርድ ቤት በ2014 ክሱን ሳይቀበለው ቀረ። ውሉን ብታነቡት ደግሞ በብዙዎቹ ፕሮግራሞች ማይሉ የአየር መንገዱ ንብረት እንደሆነና ደንቡን በፈለገው ጊዜ መለወጥ እንደሚችል ተጽፏል። የአሜሪካ ትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2024 የአራቱን ትልልቅ አየር መንገዶች ፕሮግራም መመርመር የጀመረው አለምክንያት አይደለም፤ ከጠየቃቸው ነገሮች አንዱ የተጠራቀመ ነጥብ ዋጋው እንዴት እንደሚወርድ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ትኬቱ የአንድ አየር መንገድ፣ አውሮፕላኑ የሌላ ከሆነ፣ ማለትም ኮድ ሼር ከሆነ፣ አፕግሬዱ ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ይህን የሚነግሯችሁ ደግሞ ከከፈላችሁ በኋላ ነው። በአንድ ቦታ ማስያዣ ቁጥር ሁለት ሆናችሁ ከተመዘገባችሁ አንድ ወንበር ብቻ ቢለቀቅ ሁለታችሁንም ሊያልፏችሁ ይችላሉ። በረራው ተሰርዞ በሌላ ሲተኩላችሁ ብዙ ጊዜ የምትተኩት በመጀመሪያው ክፍላችሁ ነው፣ አፕግሬዱ አብሯችሁ ላይሄድ ይችላል። ቢዝነስ ተቀምጣችሁም የምታገኙት ማይል በአብዛኛው በገዛችሁት የኢኮኖሚ ታሪፍ ይሰላል፤ ላውንጁን (የመንገደኞች ማረፊያ ክፍሉን) እና ተጨማሪ ሻንጣውንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ማይል ስለመግዛት ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ጥቂት ሺህ ማይል ጎደለኝ ብላችሁ ላልተረጋገጠ አፕግሬድ ከአየር መንገዱ ማይል አትግዙ። አፕግሬዱ ሳይሳካ ሲቀር ማይሉ ወደ ሂሳባችሁ ይመለሳል እንጂ ገንዘቡ ወደ ካርዳችሁ አይመለስም። «ርካሽ ማይል አለኝ» የሚል ደላላ ጋርማ ጭራሽ አትጠጉ፤ የሌላ ሰው ማይል መግዛት በደንቡ የተከለከለ ስለሆነ ሲደርሱባችሁ ትኬቱን ሰርዘው ሂሳቡን ከነማይሉ ሊዘጉት ይችላሉ።

በማይል መሻገር ጨርሶ አይረባም እያልኩ አይደለም። አፕግሬዱ ትኬቱ ሲቆረጥ እዚያው የሚረጋገጥ ከሆነ ጥሩ ነው። ስለዚህ ስትደውሉ «ይፈቅዳል ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «አሁን ይረጋገጥልኛል ወይስ ተጠባባቂ ነኝ?» በሉ፣ ቀጥላችሁም «ለየትኛው በረራ?» በሉ። ረጅሙ በረራ ካልተረጋገጠ አጭሩ ምን ያደርግላችኋል? መልሱን በጽሑፍ ላኩልኝ በሏቸው። ከዚያ በፊት ደግሞ እዚያው መስመር ላይ የቢዝነስ ትኬቱን ሙሉ በሙሉ በማይል መቁረጥ ይቻል እንደሆነ እዩ። ማይሉ ይበዛል፤ ነገር ግን ወንበሩ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእናንተ ነው። እኔ ብሆን አሁን ወይ ይህን እቆርጣለሁ፣ ወይ ርካሹን ኢኮኖሚ ገዝቼ የመተላለፊያ ዳር ወንበር እይዝና በተረፈው ገንዘብ መድረሻዬ ላይ አንድ ቀን አርፋለሁ።

ቅሬታዬን ሦስት ጊዜ ከጻፍኩ በኋላ አየር መንገዱ «ለደረሰብዎ መጉላላት» ብሎ 2,000 ማይል ጨመረልኝ። አብሮት የመጣው መልእክት «በሚቀጥለው ጉዞዎ ለአፕግሬድ ይጠቀሙበት» ይላል።